ፋቲሃ የተቀራላት ቀረፋ

ሀጀራ መሐሙድ የትምህርት ቤታችን መጋዘን በር ላይ ቆማ «ምንይችል፣ እጅህ አሁንም ይጽፋል?» ስትለኝ ትከሻዋ ላይ የማዳበሪያ ከረጢት ነበር። ከረጢቱን ስታወርደው ተንኳኳ። ከፍቼ ሳይ ከዘይት ጣሳ የተቆረጡ፣ ጠርዛቸው በመዶሻ የታጠፈ፣ መዳፍ የሚያካክሉ ቆርቆሮዎች ናቸው። ቆጠርኳቸው፤ ሠላሳ ሁለት።

በከተማችን በመካነ ሰላም የሱቅ ስም፣ የክፍል ቁጥር፣ አንዳንዴም የመቃብር ድንጋይ እጽፋለሁ። ሥራዬ ንብረት ያዥነት ነው፤ ጽሕፈቱ ከእጄ ማማር በላይ ሌላ ጻፊ ከመጥፋቱ የመጣ ይመስለኛል።

«ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አልኳት።

«ለሱቅማ አንድ ሰሌዳ ይበቃኝ ነበር። በእያንዳንዱ ላይ አንድ ስም ጻፍልኝ።»

«የማንን ስም?»

«የጤና አዳምን፣ የግራዋን፣ የእንዶድን፣ የዳማከሴን፣ የክትክታን…» ጣቷን እያጠፈች ሠላሳ አንድ ቆጠረች። ሠላሳ ሁለተኛው ላይ ስትደርስ ቆም አለች። «ይኼኛውን ነጭ ቀባውና ተወው። ስሙን ሳገኝ አመጣልሃለሁ።»

እየቀለደችብኝ መሰለኝ። ከመስከት ከተመለሰች ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ከዓረብ አገር የመጣ ሰው ወይ ፎቅ ይሠራል፣ ወይ ሚኒባስ ይገዛል፣ ወይ ታሞ ይተኛል። ሀጀራ ግን ከቤቷ ጀርባ ያለውን ጓሮ አጥራ፣ ከየሸለቆው ቅጠል እየነቀለች ትተክል ነበር። ሰፈሩም ስም አውጥቶላታል፤ «የቅጠል ሊቀ መንበር» ይላታል። ቆርቆሮዎቹን ጽፌ ላደርስላት ስሄድ ጎረቤቷ በለጡ በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ፣

«ምንይችል! ለጤና አዳም መታወቂያ ልታወጡለት ነው አሉ፤ እውነት ነው?» አለችኝ።

«ለአንቺም እናወጣልሽ ነበር፣ ዕድሜሽን አልናገርም አልሽ እንጂ!» አለቻት ሀጀራ ከውስጥ።

ቆርቆሮዎቹን በእንጨት ላይ እየመታን ስንተክል ከሰዓት በኋላው አለፈ። እኔ ሰው ለመጠየቅ አልደፍርም፤ ያን ቀን ግን ጥያቄው እየገፋኝ «ይኼን ከየት አመጣሽው?» አልኳት። መዶሻዋን አስቀምጣ ሳቀች።

«ከመቃብር» አለችኝ።

መስከት የሠራችበት ቤት አሮጊት ነበሩበት። ቤተሰቡ «ቢቢ» ይላቸዋል፤ በእነሱ አገር አያት ማለት ነው። ቢቢ ሸሪፋ የተወለዱት ዛንዚባር የምትባል ደሴት ላይ ነው። በሁከት ዘመን ገና ልጅ ሳሉ ከቤተሰባቸው ጋር በመርከብ ወጡ፤ ከዚያ ወዲያ አልተመለሱም። በተሽከርካሪ ወንበር መሄድ ከጀመሩ በኋላ ልጆቻቸውን «ሳልሞት አንድ ዛፍ አሳዩኝ» አሉ። ዛፉ የልጅነት ቤታቸው አጠገብ በነበረ የዕፅዋት መናፈሻ ውስጥ ያለ ነው። አባታቸው በዚያ ሠርተዋል፤ ዛፉንም የተከሉት አባትየው ናቸው። ልጆቹ አሮጊቷን አሳፍረው ሲሄዱ ወንበሩን የምትገፋ አስፈለገች። ሀጀራም እንዲሁ ደሴት አየች።

«አገሩ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ላብ ነው። አየሩ ራሱ ያልበዋል። መጀመሪያ የገረመኝ ግን ሽታው ነው። ከመኪና ስወርድ የቅርንፉድ ሽታ መታኝ። አካባቢውን ባይ ሱቅ የለም። ለካስ መንገዱ ዳር ሰሌን ዘርግተው ቅርንፉድ እንደ እህል አስጥተዋል! ቀና ስል ዛፉ ላይ አለ። ቅርንፉድ፣ ዛፍ ላይ! አረንጓዴ ሆኖ፣ በዘለላ በዘለላ።»

እኔም እጄ ላይ ያለውን ምስማር አየሁ። ቅርንፉድ ሱቅ ውስጥ በጋዜጣ ተጠቅልሎ፣ ደርቆ፣ የምስማር ቅርጽ ይዞ ከማየቴ በቀር ከየት እንደሚመጣ ጠይቄ አላውቅም። አርባ አምስት ዓመት ሙሉ አለመጠየቄ አሳፈረኝ።

«ለበለጡ ብነግራት ‹ቅርንፉድማ ከፒያሳ ነው የሚመጣ› አለችኝ» ብላ ቀጠለች።

መናፈሻው በግንብ የታጠረ ነው። ዛፎቹ ያረጁ፣ ግንዳቸው ሦስት ሰው የማያቅፈው፣ ቅጠላቸው ጃንጥላ የሚሆን። ሰው ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይሄዳል። አንድ ሽማግሌ ቅጠል ይጠርጋል። በየዛፉ ሥር ደግሞ ጽሑፍ ያለበት ትንሽ የሲሚንቶ ሰሌዳ ተተክሏል።

ሀጀራ እግሯ ተሳሰረ። በእኛ አገር የታጠረ፣ ማንም መጥረቢያ የማያነሳበት ያረጀ ዛፍ ያለው የት ነው? ወይ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ወይ መቃብር። መስቀል አላየችም። ድንጋዩ ላይ ስም አየች። ነጠላዋን አስተካከለች፤ የቢቢን ወንበር በመጀመሪያው ዛፍ ፊት አቁማ፣ ሁለት እጇን ዘርግታ ፋቲሃ ቀራች። «አላህ ይዘንላቸው» ብላ ፊቷን አበሰች። ወደ ሁለተኛው ሄደች፤ ቀራች። ሦስተኛው። አራተኛው። ቢቢ ያዩዋታል። አምስተኛው ላይ፣

«ልጄ፣ ለማን ነው የምትቀሪው?» አሏት።

«ለዚህ ለሟቹ ነዋ።»

«ስሙን አንብበሽዋል?»

«ፊደሉን አላውቀውም፣ ቢቢ።»

አሮጊቷ ሰሌዳውን አዩ፤ እሷን አዩ። ከዚያ በሳቅ ፈረሱ፤ ሻርፓቸው ከራሳቸው ወደቀ። ቅጠል ጠራጊው ሽማግሌ ምን ሆኑ ብሎ እየሮጠ መጣ። በቋንቋቸው ሲነግሩት እሱም መጥረጊያውን ተደግፎ ሳቀ።

«ቀረፋ እኮ ናት!» አሉ ቢቢ እንባቸውን እየጠረጉ። «በሕይወት ላለች ቀረፋ ፋቲሃ ቀራሽላት! ያኛው ገውዝ ነው፤ እሱንም ቀብረሽዋል!»

ሽማግሌው ጁማ ይባላል። ከቀረፋዋ ላይ ትንሽ ቅርፊት ልጦ ሰጣት። አፏ ውስጥ ስታደርገው ጣፈጠ፤ ሬሳ አይደለም። ሀፍረቷ ለቀቃትና የመጠየቅ ነገር ያዛት። ይኼ ምንድን ነው? ያኛውስ? ለምን ይሆናል? ከማን መጣ? ጁማ ይመልሳል፤ ቢቢ ወደ ዓረብኛ ይመልሱላታል። የገውዝ ፍሬ ሲሰነጠቅ ውስጡ እንደ ቀይ ዳንቴል የሆነ ነገር ዘሩን አቅፎት አየች። ከሁሉም በላይ ግን ያልገባት አንድ ነገር ነበር።

«ስማቸውን እንዲህ በአደባባይ ስትጽፉባቸው ኃይላቸው አይሄድም?» ብላ ጠየቀች።

ጥያቄው ለጁማ እንግዳ ሆነበት። ለእኛ ግን እንግዳ አይደለም። የሀጀራ አባት አያ መሐሙድ የከብት መድኃኒት አዋቂ ናቸው። ሆዱ የተነፋን በሬ በአንዲት ቅጠል ያድናሉ። ያቺን ቅጠል ከእሳቸው በቀር የሚያውቃት የለም። ጎህ ሲቀድ ከቤት ይወጣሉ፤ ቆርጠው እስኪመለሱ ከማንም ጋር አይነጋገሩም። ሰላም ብንላቸው አይመልሱም፤ እኛም አይተን ዝም እንላለን። ሲመለሱ ቅጠሏ በጋቢያቸው ሥር ደቅቃለች። ስሟ ከተጠራ ትፈዛለች ይባላል። ለበኩር ወንድ ልጅ ብቻ ትተላለፋለች። እኔ ልጅ ሳለሁ የአባቴ በሬ እንደ ከበሮ ተነፍቶ ወድቆ፣ አያ መሐሙድ መጥተው ጭማቂውን አፉ ውስጥ ጨምቀውለት፣ ለምሳ ሰዓት ቆሞ ሲያመነዥክ አይቻለሁ።

ጁማ ለሀጀራ የመለሰላት በቃል አይደለም። ቢቢ የሚፈልጉት ዛፍ ወደነበረበት ወሰዳቸው። ግንቡ አጠገብ ነው። ጉቶ ብቻ ቀርቷል።

«ሰሌዳዋ በዝናብ ወደቀች» አለ። «እኔ ታምሜ ተኝቼ ነበር። አዲስ ሠራተኞች የመኪና መንገድ ሲያሰፉ ምን እንደሆነች አላወቁም። ዱር መሰለቻቸው።»

ቢቢ ከወንበራቸው ጎንበስ ብለው ጉቶውን ዳሰሱት። «ፍሬዋ ይኮመጥጥ ነበር» አሉ። «ጥርሴን እስኪያመኝ እበላት ነበር። ስሟ ግን ጠፋኝ። አንተስ ታስታውሳለህ?» ጁማ ራሱን ነቀነቀ። የተጻፈው ሰሌዳው ላይ ብቻ ነበር።

ሀጀራ ይኼንን ስትነግረኝ መዶሻውን መልሳ አንስታ ነበር። ከዚያ ሠላሳ ሁለተኛውን ቆርቆሮ፣ ነጩን፣ ከጎኗ አስቀመጠችው። «ይኼ የአባቴ ነው» አለች። «አንድ ጊዜ ብቻ ተከትያቸዋለሁ፤ ሰባት ዓመቴ ይሆናል። ቀጋ በር ተረተር ላይ። ፀሐይዋ ገና ብቅ ስትል ደረስኩባቸው። አልተቆጡኝም፤ አይናገሩማ። ቀሚሴን ይዘው ጎትተው ወደ ሌላ ጎን አዞሩኝ። ለምን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልገባኝም። ወዲያው ጋቢያቸውን ጣል አደረጉና ቆረጡ። የቱን እንደሆነ አላየሁም። ሁሉም ቁጥቋጦ ነው።»

ያን ዓመት፣ ሁለት ሺህ አራት ዓመተ ምሕረት ነው፣ ጥር ላይ የእርከን ሥራ ዘመቻ ታወጀ። ሰው ሁሉ በየቡድኑ አካፋና ዶማ ይዞ ተረተር ላይ ይወጣል። ለእኛ ቡድን የደረሰን ቀጋ በር ነው። ሀጀራ ይኼን የሰማች ዕለት ወደ አባቷ ሮጠች። እኔም አካፋ ልዋስ ሄጄ ስለነበር በሩ ጋ ቆሜ ሰማሁ፤ ልመለስ ብልም እግሬ እንቢ አለኝ።

«አባ፣ ቀጋ በር ሊቆፈር ነው።»

«ሰምቻለሁ።»

«ቅጠሏ ከዚያ ሌላ አትበቅልም ይሉ የለ? ስሟን ይንገሩኝና ላትርፋት።»

«ለአሕመድኑር ናት።» ወንድሟ ነው፤ ጅዳ ከሄደ አሥራ አንድ ዓመቱ።

«አሕመድኑር ይመጣል?»

አያ መሐሙድ መቁጠሪያቸውን አዟዟሩ። «ባለፈው ደውሎ ‹አባ፣ በስልክ ንገሩኝ› አለኝ። በስልክ ይነገራል እንዴ! ሽቦው ሁሉ አይሰማም?»

«እንግዲያው ለእኔ…»

«ሴት ልጅ ትሄዳለች። ቅጠሏም አብራ ትሄዳለች።»

«ወላሂ አባ፣ እኔ እኮ ሄጄ ተመልሻለሁ! ያልተመለሰው ወንዱ ነው!»

ሽማግሌው ሊስቁ ነበር፤ ተዉት። ሀጀራ ደግሞ የቢቢን ዛፍ ነገር ነገረቻቸው። ጉቶውን፣ ኮምጣጣውን ፍሬ፣ የወደቀውን ሰሌዳ። እስከ መጨረሻው ሰሙ። ከዚያ ቀና ብለው፣

«ያች ሴትዮ የዛፉን ስም አስታወሰችው?» አሉ።

«አላስታወሱትም። በዓመቱ ሞቱ።»

«ኢና ሊላህ» አሉና መቁጠሪያቸውን ደግመው አዟዟሩ።

የቡድን መሪያችን አለምነው ክፉ ሰው አይደለም። ሀጀራ ለምናው እሱም አያ መሐሙድ ደጅ መጣ።

«አያ መሐሙድ፣ የቱ ቅጠል እንደሆነ በጣትዎ ያሳዩኝና አልፈዋለሁ። አለዚያ ገመዱ በተዘረጋበት መቆፈሬ ነው። ለወረዳው የምልከው በሜትር ነው።»

«አባቴ ሲሰጠኝ ‹አትናገር› ብሎ ነው የሰጠኝ፣ ልጄ።»

«ታዲያ ተረተሩን ሙሉ ልለፈው? ቁጥቋጦ ስለሆነ ሁሉ ካለፍኩማ እርከን አይደለም፤ ሽርሽር ነው!»

«አላህ ያውቃል» አሉት። አለምነው እጁን አጣጥፎ ሄደ። ቁፋሮው ለማግስቱ ሰኞ ተቆረጠ።

በዚያው እሁድ ከሰዓት ቤቴ ደጃፍ ላይ የከዘራ ድምፅ ሰማሁ። አያ መሐሙድ ናቸው። ቤቴ መጥተው አያውቁም። ደንግጬ በርጩማ ፍለጋ ስዞር «ተው፣ አልቀመጥም» አሉኝ።

«ምንይችል፣ ያ ነጭ ቆርቆሮ አለ አይደል? ሀጀራ ያስቀባችህ።»

«እሷ ዘንድ ነው፣ አያ።»

«እሱን አምጥቻለሁ።» ከጋቢያቸው ሥር አወጡት። «ስድስት ጨምርልኝ። ልክ እንደዚህ። እስከ ማታ እንዲደርቅ።»

«ምን ልጻፍባቸው?»

«ምንም።»

የቀረኝ ቀለም ትንሽ ስለነበር በተርፔንታይን አቅጥኜ ቀባሁ። ስድስቱ እንደ ሰባተኛው አልነጡም፤ ይከፉብኛል ብዬ ስፈራ ሳያዩዋቸው በኩርቱ ፌስታል ይዘው ሄዱ። ምን ሊያደርጉ እንደሆነ ገምቼ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል።

ሰኞ ስንወጣ ፀሐይ ከማዶው ተራራ ጫፍ ገና መላቀቋ ነው። ውርጩ ሣሩ ላይ አለ። መቶ የምንሆን ሰዎች አካፋችንን ተደግፈን አለምነው ገመዱን እስኪዘረጋ እንጠብቃለን። ያን ጊዜ አያ መሐሙድ በቁልቁለቱ መንገድ መጡ። በአንድ እጃቸው ከዘራ፣ በሌላው ፌስታሉ። ሀጀራ ከኋላቸው አሥር እርምጃ ያህል ርቃ ትከተላለች።

«እንዴት አደሩ፣ አያ መሐሙድ!» አለች በለጡ። አልመለሱላትም። «ኸረ! ሰላምታም በሜትር ሆነ እንዴ ዛሬ?»

«ዝም በይ» አላት አንዱ። «እየሄዱ ነው።»

ሁሉም ገባው። ያ ሁሉ ሰው ጸጥ አለ። አለምነው ራሱ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። ሽማግሌው በመካከላችን አልፈው ተረተሩ ላይ ወጡ። አንድ ቁጥቋጦ አጠገብ ደርሰው ቆርቆሮ የተመታበትን እንጨት አውጥተው በድንጋይ ቀጠቀጡት። ወደ ሌላ ሄዱ። እዚያም ተከሉ። ቁጥቋጦዎቹ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደሉም፤ አንዱ ቀጋ ነው፣ አንዱ አስታ ነው፣ የቀሩትን አላውቃቸውም። እኔ ቆርቆሮዎቼ እንዳይጣመሙ ብቻ እያየሁ ነበር። ሰባቱን ሲጨርሱ ወረዱ። እንደመጡ ሁሉ ሳይናገሩ፣ ማንንም ሳያዩ፣ ወደ ቤታቸው ሄዱ።

አለምነው የመጀመሪያውን ሰሌዳ ጎንበስ ብሎ አየው። ጀርባውንም ዞሮ አየው።

«ምንም አልተጻፈበትም እኮ!»

«ሰሌዳ ነው» አለችው ሀጀራ። «ሰሌዳ የተተከለበት አይቆፈርም።»

«በምን ሕግ?»

«ሽማግሌ ሳይናገር በነገረህ ሕግ!» አለች በለጡ፤ ሰዉ ሳቀ። አለምነው ራሱን አከከ። ከዚያ ገመዱን ሰብስቦ እንደገና ዘረጋ። ያ እርከን ዛሬም እንደ እባብ ነው፤ ሰባት ቦታ ይጠማዘዛል። ለወረዳው «ሰባት ነባር ዕፅዋት እንዲጠበቁ ተደርጓል» ብሎ እንደጻፈና እንደተመሰገነበት ሰምቻለሁ።

ለምሳ ስናርፍ ሀጀራ አጠገቤ ተቀመጠች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ፊቷ ግን ያለቀሰ ሰው ፊት አይደለም።

«አሁን ከሰባቱ የቱ እንደሆነ በምን ይታወቃል?» አልኳት በሹክሹክታ። «ቢያንስ ተርፋለች። ግን እሳቸው ሲያልፉ…»

«አንተ ምኑን ስታይ ነበር?»

«ቆርቆሮውን።»

«እኔ መሬቱን።» ሣር ነቅላ ታኝክ ጀመር። «ፀሐይዋ ከኋላቸው ነበረች። ስድስቱ ላይ ጥላቸው ወድቋል፤ ቁጥቋጦውን ሁሉ አልብሶታል። አንዷ ጋ ሲደርሱ ግን አካሄዳቸውን ለውጠው በላይ በኩል ዞረው ቆሙ። ጥላቸው ጫፏን እንኳ አልነካት። ዞር ብለውም አዩኝ። ‹አየሽ ወይ?› ነው የሚሉኝ።» ሳቀች። «ያኔ ቀሚሴን የጎተቱኝ ለካ ለዚህ ነው። ጥላዬን ነው ከላይዋ ያነሱት።»

«የትኛዋ ጋ ነው የዞሩት?»

«እሱን ማየት ነበረብህ፣ ምንይችል» አለችኝ።

ሌላ ጊዜ አልጠየቅኳትም። ልጠይቃት አስቤ ግን አውቃለሁ፤ ሁለት ጊዜም ብቻዬን ቀጋ በር ወጥቻለሁ። ሰባቱም ሰሌዳዎች ቆመው ነበር። ስድስቱ ቀለማቸው ተልጧል፤ ያም የእኔ ጥፋት ነው። የቱ እንደሆነ ስላላወቅኩ በሰባቱም በላይ በኩል ዞሬ አለፍኩ።

አያ መሐሙድ በዓመቱ ረመዳን ሊገባ ሲል ሞቱ። በዚያው ክረምት አንድ ማለዳ ውሃ ልቀዳ ስወጣ ሀጀራን በጭጋጉ ውስጥ አገኘኋት። ቦት ጫማ አድርጋ፣ የአባቷን ጋቢ ደርባ በፍጥነት ትሄዳለች።

«እንዴት አደርሽ፣ ሀጀራ?» አልኳት።

አልመለሰችልኝም። በአጠገቤ እንደማታውቀኝ አለፈች። ምን በድያት ይሆን ብዬ ጀሪካኔን ይዤ ቆምኩ፤ ትናንት የተናገርኩትን፣ ከትናንት በስቲያ የተናገርኩትን አሰብኩ። ከዚያ ከበለጡ ግቢ ሰዎች ሲንጫጩ ሰማሁ። በሬዋ ሌሊቱን ተነፍቶ አድሯል።

ሀጀራን ዞሬ አየኋት። ወደ ቀጋ በር ታጥፋለች። ከታች የመስጊዱ ሰው አንድ አህያ እየነዳ ይመጣ ነበርና ሰላም ሊላት እጁን ሲያነሳ ከሩቅ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። ገባው። አህያውን ወደ ዳር አወጣና እስክታልፍ ጠበቀ።